ከመዝገብ ቤቱ ጀርባ የምጎነጫት

ትንሽ ከተማ ውስጥ ምስጢር መያዝ አይቻልም የሚሉ ሰዎች ነገሩን የሚያውቁት በግማሽ ነው። ይቻላል። እኔ ራሴ መካነ ሰላም ውስጥ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ምስጢር ይዤ ኖሬአለሁ፤ አንድም የመሥሪያ ቤት ሰው አላወቀብኝም። ችግሩ ሌላ ነው። አንተ ነገርህን ደብቀህ ዝም ስትል ከተማው አብሮህ ዝም አይልም። የተውክለትን ባዶ ቦታ ዐይቶ፣ አዝኖልህ፣ ከራሱ ጨምሮ ይሞላልሃል። ሲሞላው ደግሞ አይሰስትም።

ምስጢሬ አስም ነበር። አሁን እንዲህ በቀላሉ ስጽፈው "ታዲያ ይሄ ምን ይደበቃል?" ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን የምሠራው መዝገብ ቤት ነው። የወረዳው ገበሬ የመሬት ፋይል ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደረበት፣ መስኮቱ ከፋይል ጀርባ ቀርቶ ከተረሳ የቆየ፣ በክረምት ሻጋታ በበጋ አቧራ የሚቀልብ ክፍል ነው። አስም ያለበት ሰው ለዚህ ክፍል አይሆንም ቢባል እውነት ነው፤ እኔም የፈራሁት ይህንኑ እውነት ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ከዚህ ተነሥቼ ወዴት እመደባለሁ? ከወግዲ አዋሳኝ ያለው ገበሬ ከወንድሙ ጋር የተካፈለበት ወረቀት በየትኛው መደርደሪያ፣ ከየትኛው ፋይል ሥር እንዳለ ዓይኔን ጨፍኜ ዳስሼ የማወጣ ሰው ነኝ። ከዚያ ክፍል ውጪ ግን ምን አውቃለሁ? ስለዚህ ደበቅኩ።

ቤት ውስጥ መደበቅ አልተቻለም፤ ባለቤቴ እታፈራሁ ደረቴ ገና ሳያፏጭ ታውቃለች። ጎትታ ጤና ጣቢያ የወሰደችኝም፣ ነርሷ ያለችውን ቃል በቃል ይዛ የተመለሰችም እሷ ናት። ሁለት ፓፍ ተሰጠኝ፤ ፓፍ ማለት ተጭነህ ወደ አፍህ የምትነፋት ትንሽ የመድኃኒት ቆርቆሮ ናት። አንደኛዋ ቢያመኝም ባያመኝም ጠዋትና ማታ የምትወሰድ፣ ሁለተኛዋ ደረቴ ሲጨነቅ የምትመዘዝ። ደህና ሆኜ ሳለ መድኃኒት መውሰድ ለእኔ በጠራ ሰማይ ጃንጥላ መዘርጋት ይመስለኝ ነበር። እታፈራሁ ያቺን የሁልጊዜዋን ከጥርስ ብሩሼ ጋር አንድ ኩባያ ውስጥ አስቀመጠቻትና ክርክሩ አበቃ፤ ፓፏን ሳልወስድ፣ አፌን ሳልጉመጠመጥ ቁርስ የለም። በማገዶ የምታበስልበትን ቤት ከመኖሪያችን ለይታ ጓሮ አሠራች። ፍራሹንና ትራሱን በየሳምንቱ ፀሐይ ታሰጣለች። ድመታችንን ለጎረቤት ስትሰጥ አለቀሰች። ለእኔ አልቅሳ አታውቅም።

ነርሷ አንድ ነገር ጨመረችልን። መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ እንዳይቀር በማስተላለፊያ፣ ማለትም ፓፏ በምትሰካበት ባዶ የፕላስቲክ ዕቃ ቢሳብ ይሻላል፤ ማስተላለፊያው ግን ከተማችን ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ እኛ ሃይላንድ የምንላትን የውሃ ፕላስቲክ፣ ግማሽ ሊትሯን አንሥታ ቂጧን በፓፏ አፍ ልክ ቀደደችው። ፓፏ ከታች ትሰካለች፤ አንተ በጠርሙሷ አፍ ትስብና ትንፋሽህን ይዘህ እስከ ዐሥር ትቆጥራለህ። ሠራች። ደረቴ ውስጥ የነበረው ፉጨት ጸጥ አለ። ያቺን ነርስ ባሰብኩ ቁጥር እመርቃታለሁ። ጠርሙሷ ምን ልታመጣብኝ እንደሆነ ግን እሷም እኔም አላሰብንም።

እስቲ ነገሩን በጥበቃችን በጋሽ ይመር ዓይን እዩት። ጋሽ ይመር የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ ከበሩ ላይ ሆነው የግቢውን ዙሪያ ይቃኛሉ። አንድ ጎልማሳ የመንግሥት ሠራተኛ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ግራ ቀኙን ዐይቶ፣ ከመዝገብ ቤቱ ጀርባ ይሄዳል። ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ከኮቱ ውስጥ ሃይላንድ ያወጣና አፉ ላይ ይደግናል። ቀጥ ብሎ ቆይቶ እፎይ ይላል። ከዚያ ጠርሙሱን ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ ሲመለስ እጁ ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡ የመድኃኒቱ ነው፤ ነርሷ አስቀድማ ነግራኛለች። ለጋሽ ይመር ግን ማን ይንገራቸው? አረቄ በእኛ ገበያ በምን ተሞልቶ እንደሚሸጥ ደግሞ ታውቃላችሁ።

እኔ በዚያ ሰሞን የማውቀው ኑሮዬ ሳላስበው መቅለሉን ብቻ ነው። የጽዳት ሠራተኛችን ወይዘሮ ዘሀራ ድሮ እኔ ከገባሁ በኋላ ነበር ደረቁን የሚጠርጉት፤ አሁን ማንም ሳይገባ ውሃ ረጭተው ጠርገው ይጨርሳሉ። ከበሩ አጠገብ፣ አየር ከሚገባበት፣ ወንበርና ጠረጴዛ ተቀመጠልኝ። ከላይኛው መደርደሪያ ፋይል ሲፈለግ ሌላ ሰው ቀድሞኝ መሰላሉን ይወጣል። ለምን እንደሆነ ማንም አይናገርም፤ እኔም አልጠይቅም። ቤት ስገባ እታፈራሁን "እግዜር ሲረዳ እንዲህ ነው፤ አንድ ቃል ሳልናገር ሁሉን አስተካከለልኝ" እላታለሁ። እሷ ደግሞ "ብትናገር ይሻልህ ነበር። እዚያ ክፍል ብቻህን ሳለህ ቢጠናብህ ምን እንደሆንክ ማን ያውቃል?" ትለኛለች። እኔ ስለ ሌላ ነገር አወራለሁ።

ታዲያ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች በራችንን አንኳኩ፤ መምሬ አስፋውና ሼህ ሙሄ። ሁለቱ አንድ ላይ ከመጡ ጉዳዩ ከባድ ነው፤ በከተማችን የተጣላ ባልና ሚስት፣ የተካሰሰ ወንድማማች ሁሉ በእነሱ እጅ ያለፈ ነው። ሴት ልጅ ብትኖረኝ ለእሷ መጡ እል ነበር። ያሉኝ ሁለት ወንዶች ናቸው፤ እነሱም ደሴ ናቸው። ስለ ዝናቡ ተወራ፣ ስለ ጤፉ ተወራ፣ ስለ ወረኢሉ መንገድ መበላሸት ተወራ። ከዚያ ሼህ ሙሄ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሲሳይ ልጄ፣ አብሽር። የመጣነው ልንወቅስህ አይደለም። የሥራ ባልደረቦችህ ናቸው የላኩን፤ ነገሩ አለቃ ጆሮ ሳይደርስ ብለው። ያቺን ጠርሙስ ተዋት።"

"የምን ጠርሙስ?" አልኩ፤ ጆሮዬ እየጋለ።

"የአረቄዋን ነዋ" አሉ መምሬ አስፋው፤ እሳቸው ዙሪያ ጥምጥም አይወዱም። "እጅህ እየተንቀጠቀጠ ነው አሉ። ከመሰላል እንዳትወድቅ እነሱ እየወጡልህ ነው። የጠዋት ራስ ምታትህ እንዳይብስ አቧራውን ቀድመው እየጠረጉልህ ነው። ብትወድቅ እንዲያዩህ በር ላይ አስቀምጠውሃል። ዘሀራማ ሰኞና ሐሙስ እየጾመችልህ ነው።"

በዚያች ቅጽበት የመጣልኝን ሐሳብ ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ። "እሺ፣ እተዋለሁ" ልል ነበር። ጠጪ ይመከራል፣ ይመለሳል፣ ሥራው ላይ ይቆያል። አስም ያለበት ሰው ግን ተመክሮ አይተወውም። ስድስት ዓመት የደበቅኩትን በአንዲት ውሸት ማትረፍ እችል ነበር። አፌን ከፍቼም ነበር።

እታፈራሁ ተነሣች። ከተሰቀለው ኮቴ ውስጥ ጠርሙሷን አወጣችና ሼህ ሙሄ እጅ ላይ አስቀመጠቻት። ሼሁ አሸተቷት፤ አገላበጧት፤ ከዚያ ጣታቸውን በቂጧ በኩል አስገብተው ለመምሬ አሳዩ።

"መምሬ፣ ይቺ ቀዳዳ ናት። አረቄ አትይዝም።"

መምሬ አስፋው ተቀብለው በቀዳዳዋ አሾለቁ። "አትይዝም" ብለው መሰከሩ።

ነገርኳቸው። ስለ አስሙም፣ ስለ ፓፏም፣ ስለ ፍርሃቴም። እግዜር አስተካከለልኝ ያልኩት ሁሉ በሰው እጅ የተሠራ ነበር። ሰዎቹ ጠጪ ነው ብለው እያመኑ፣ አንድ ቀን እንኳ ፊታቸው ሳይጠቁርብኝ ነው ያደረጉት። እኔ ደግሞ እነዚህኑ ሰዎች ነበር ቢያውቁ ይጥሉኛል ብዬ ስድስት ዓመት የፈራኋቸው። አፈርኩም፣ ደስም አለኝ፤ ሁለቱ አብረው ሲመጡ ሰው ምን እንደሚል ስለማላውቅ ሁለቱንም ሽማግሌዎች ጉልበታቸውን ሳምኩ።

"አፉ በለን ልጄ" አሉ ሼህ ሙሄ። "ግን አንተም ጥፋት አለብህ። ተደብቆ የሚተነፍስ ሰው ዛሬ ገና አየሁ።"

ሰኞ ጠዋት ለአለቃችን ራሴ ነገርኩ። ከክፍሉ ያነሣኛል ብዬ ስጠብቅ "አንተ ከተነሣህ ፋይሉን ማን ያገኘዋል?" አለኝና መደርደሪያውን ከመስኮቱ ፊት አስነሣልኝ። መስኮቱ ተከፈተ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ግድግዳ አረንጓዴ ቀለም መቀባቱን ያን ቀን አወቅኩ። ወይዘሮ ዘሀራ ብቻ ትንሽ ቅር አላቸው። "የጾምኩትስ?" ብለው አሰቡና፣ "በል ለአስምህ ይሁንልህ" ብለው ራሳቸው አዛወሩልኝ።

ጋሽ ይመር ይቅርታ አልጠየቁኝም። የወታደር ይቅርታ በቃል እንደማይመጣ የገባኝ ባለፈው ሳምንት ነው። ኮት ቀይሬ ከቤት ወጥቼ የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ስደርስ ኪሴን ዳበሱ፤ ደግመው ዳበሱ።

"ጠርሙስህስ?"

"ረሳኋት ጋሼ። ግዴለም፣ ዛሬ ደህና ነኝ።"

"ሳትይዝ አትገባም።"

ከኋላዬ ባለጉዳዮች ተሰልፈዋል። አንድ አዛውንት ገበሬ "የምን ጠርሙስ ነው?" ብለው ጠየቁ። ድሮ ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ጋሽ ይመር ወደ ሰልፉ ዞረው፣ በዚያ በወታደር ድምፃቸው፣ አስም ምን እንደሆነ፣ የትኛዋ ፓፍ ለዘወትር፣ የትኛዋ ለጭንቅ እንደሆነች፣ እስከ ስንት እንደሚቆጠር አስረዱ። አንዷንም አልሳቱም። ለካ ጤና ጣቢያ ሄደው ነርሷን ጠይቀው ኖሯል። ስለ ትንፋሼ ሊጠይቁ ያን ሁሉ ዳገት በእግራቸው ወጥተዋል። ቆሜ ሰማኋቸውና ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ጠርሙሷን ይዤ ስመለስ አርባ ደቂቃ አርፍጃለሁ። የሰዓት ፊርማ መዝገቡን ስከፍት፣ የማርፈድ ምክንያት በሚለው ቦታ፣ ጋሽ ይመር በራሳቸው እጅ፣ በትልልቅ ፊደል ጽፈውልኝ አገኘሁ፤ "ጠርሙሱን ሊያመጣ ሄዶ ነው" ይላል። ከዞን የሚመጣ ተቆጣጣሪ ይህን ቢያነብ ምን እንደሚል አሰብኩና ለማስተካከል እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ከዚያ ጽሑፉን ሳልነካ ከሥሩ ፈርሜ ገባሁ።