ጥርሳሙ ጎማ

ጎማ በመልኩ የሚመርጥ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጎረቤቴ ይመር አለልኝ። ይመር በሰፈራችን በግራና ከባሕር ዛፍ መሐል ግንድ የሚጎትትበት፣ በመኸርም ሣር የሚያጭድበት ትንሽ ትራክተር አለው። የትራክተሩ ጎማ ሲያልቅ ሌላ ልንገዛ አብረን ወልዲያ ሄድን።

«ሥራው ጫካ ነው ወይስ ሣር?» አለ ሻጩ።

«ሁለቱም» አለ ይመር፤ ዓይኑ ግን ትልልቅ ጥርስ ባለው ጎማ ላይ ቀርቷል።

«እሱ ለጫካ ነው። ሣር ላይ መሬቱን ይቧጥጣል።»

«ወንድ ጎማ ማለት ይሄ ነው!»

ጎማም ጾታ አለው ለካ!

ያንኑ ገዝተን ተመለስን። እውነት ለመናገር ጫካ ውስጥ አላሳፈረንም፤ ግንዱን እየጎተተ ዳገቱን ወጣው። ችግሩ የመጣው የሰፈሩ ሰው ለበሬዎቹ ከልሎ ያቆየውን ሣር እንዲያጭድ ይመርን ሲለምነው ነው። መሬቱ ገና እርጥብ ነበር። ይመር በኩራት ገባ፤ ትራክተሩ በዞረበት ሁሉ ሣሩ ከነሥሩ ተገለበጠ። የበጋው መኖ ዓይናችን እያየ ጭቃ ሆነ።

የሰፈሩ ሽማግሌ ሼህ አሊ ዳር ቆመው አዩና፣ «አንተ ይመር፣ እጨድልን አልንህ እንጂ እረስልን አልንህ ወይ?» አሉት።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ይመር ግን አልሳቀም። ከትራክተሩ ወርዶ፣ «አፉ ይበሉኝ ሼህ፤ ከራሴ እተካለሁ» አለ። የራሱንም የሣር ክምር ለባለበሬዎቹ አከፋፈለ።

ከዚያ ወልዲያ ተመልሰን ጥርሱ አጠር፣ ጎኑ ሰፋ ያለ ጎማ ገዛን። አሁን ሣሩን ሳይጎዳ ያጭዳል፤ ዳገት ላይ ግን አንዳንዴ ይንሸራተታል። እኔም አላስችል ብሎኝ፣ «ወንዱ ጎማ ይሻል ነበር» አልኩት።

«ዳገት ይጠብቃል» አለኝ ይመር፤ «የራበው በሬ ግን አይጠብቅም።»