ፈቃድ ጠያቂው ጋሽ ወልዴ

ምስጢር አፉ ውስጥ የማያድርለት ደግ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል፤ እዚህ ቦንጋ፣ የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠራተኛው ጋሽ ወልዴ። የብዙዎቻችን ታካሚዎች ስም ስለሚመሳሰል በበሽታችን ይለየናል፦ «አልማዝ ጨጓራዋ! አልማዝ ኩላሊቷ!» ክፋት የለውም፤ ካርድ እንዳይሳሳት ነው።

አንድ ቀን ከስልጠና ተመልሶ፣ «በአውሮፓ ሕግ የሰው መረጃ የራሱ የሰውየው ነው፤ ያለ ፈቃዱ አይነገርም» አለን። አጨበጨብንለት። በማግስቱ ሕጉን ሥራ ላይ አዋለው። በመስኮቱ ብቅ ብሎ፦

«አልማዝ የሚጥል በሽታዋ! በሽታሽን ጮክ ብዬ ልናገር ትፈቅጃለሽ?»

ወረፋው ሁሉ ዞሮ ማየት ጀመረ። አጠገቤ የተቀመጠችው ዳቦ ሻጯ አልማዝ አንገቷን ደፋች። ይህ ከታወቀ ገበያ ላይ ማን ዳቦዋን ይነካል? እኔ አልማዝ ጨጓራዋ ነኝ፤ መታገሥ ደግሞ አልችልም።

«እኔ ነኝ ጋሼ! ሁለቱም አለብኝ!» ብዬ ተነሣሁ።

ጋሽ ወልዴ እኔንም እሷንም አየ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብሎ ካርዱን ሰጠኝ። ውጭ ስንወጣ ለባለካርዷ አቀበልኳት።

እሷ ዛሬም ዳቦዋን ትሸጣለች። ለእኔ ግን ጎረቤቶቼ ጠበል ያመጡልኛል፤ ደጃፌ ላይ ያስቀምጡና ይሮጣሉ።