ከሥሬ ግባ

(ኪሱሙ ከተማ፣ ሐይቁ ዳር። ዓሣ ሻጩ ኦጎላ ቁጭ ብሎ የዓሣ ቅርፊት ይፍቃል። የአጎቱ ልጅ ኦኬዮ በዚያ ጠራራ ፀሐይ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ግጥም አድርጎ፣ ካርቶን ታቅፎ ቆሟል።)

ኦኬዮ፦ ሳሙና አይባልም አልኩህ እኮ!

ኦጎላ፦ አረፋ አያወጣም?

ኦኬዮ፦ ያወጣል።

ኦጎላ፦ ዓይን አያቃጥልም?

ኦኬዮ፦ ያቃጥላል! ግን ሳሙና አይደለም፤ «የጤና መፍትሔ» ነው። ወገብ በለው፣ ስኳር በለው፣ የትዳር ጭቅጭቅ በለው፣ ሁሉን ያድናል።

ኦጎላ፦ (አሽትቶ) ሳሙና ሳሙና ይላል።

ኦኬዮ፦ አንተ መቼም ከዓሣ ሌላ አይገባህ! ይልቅ ስማኝ፤ ዛሬውኑ ከሥሬ ትገባለህ።

ኦጎላ፦ (ሰማዩን እያየ) ምነው፣ ሊዘንብ ነው?

ኦኬዮ፦ በገባሁበት ድርጅት ነዋ! አንተ ከሥሬ፣ እኔ ከላይህ። ከእኔ በላይ ደግሞ ማዳም አዎር አሉ።

ኦጎላ፦ ፎቅ ቤት ገባህ እንዴ?

ኦኬዮ፦ ወይ ጣጣዬ! መመዝገቢያ ትከፍላለህ፣ ካርቶንህን ትረከባለህ፣ ሚሊየነር ትሆናለህ። በቃ!

ኦጎላ፦ ካርቶኑን ለማን ሸጬ?

ኦኬዮ፦ ሽያጭ የድሮ ሰው ሥራ ነው። ገንዘቡ ያለው ሰው ማምጣት ላይ ነው። ሦስት ሰው ታስገባለህ፤ እነሱም ሦስት ሦስት፤ እነዚያም ሦስት ሦስት...

ኦጎላ፦ (በጣቱ ሲቆጥር ቆይቶ) ኦኬዮ፣ በዚህ አያያዝ እኮ ኪሱሙ ሰው ያልቅባታል። ከዚያ ዓሣውን ልንመዘግብ ነው?

ኦኬዮ፦ ስብሰባችን ላይ እንዳንተ የሚጠይቅ ሲገኝ ተጨብጭቦበት ይወጣል!

ኦጎላ፦ እሺ፣ ሰው ባጣስ? ዕቃውን ይቀበሉኛል?

ኦኬዮ፦ አይመለስም። እንዲያውም በየወሩ ትጨምራለህ። አለዚያ ደረጃህ ይወርዳል።

ኦጎላ፦ ያንተስ ዕቃ የት ነው?

ኦኬዮ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ሳሎን... መኝታ ቤት... ሚስቴም ቦታ ስለጠበባት እናቷ ጋ ሄዳለች።

ኦጎላ፦ ሞተር ሳይክልህስ?

ኦኬዮ፦ ሸጥኩትና ደረጃዬን አሳደግኩበት። በእግር መሄድ ለጤና ጥሩ ነው። (ደረቱን ነፍቶ) ማዳም አዎርን ግን እያቸው! መኪና! ምዝገባው የሚዘጋው ዛሬ ነው፤ ወስን!

ኦጎላ፦ ማዳም አዎር... ያቺ ቀይ መነጽር የምታደርገው?

ኦኬዮ፦ ታውቃቸዋለህ?

ኦጎላ፦ ትናንት እዚህ መጥታ ነበር። ካርቶኖቿን በሙሉ ወሰድኩላት።

ኦኬዮ፦ (ደንግጦ) እኔን ዘለው አስገቡህ?!

ኦጎላ፦ የት ነው የምታስገባኝ? በሩብ ዋጋ ሸጠችልኝ እንጂ። «ከላዬ ያሉት ስልክ ዘግተው ጠፉ፤ ልገላገለው» አለች። መኪናውን አላየሁም፤ ወደ ገጠር የተሳፈረችው በአውቶቡስ ነው።

ኦኬዮ፦ (ካርቶኑ ላይ ዘፍ ብሎ) ...ያን ሁሉ ካርቶን ምን ሊያደርግልህ ገዛህ፣ አንተ ሞኝ?

ኦጎላ፦ እዚህ ዓሣ የነካ ሁሉ እጁን መታጠብ አለበት። ዛሬ ጠዋት ተሸጦ አለቀ።

(ኦኬዮ ከረባቱን ይፈታል።)

ኦኬዮ፦ የእኔንም ውሰድልኝ።

ኦጎላ፦ አልወስድም። ነገ ይዘኸው ናና እዚህ ጎኔ ቁጭ ብለህ ራስህ ሽጠው፤ ትርፉን ለምን ለእኔ ትሰጣለህ? ሚስትህም ትመለስልህ።

ኦኬዮ፦ (እንባው እየመጣ) እንዴት ነው የሚሸጠው? ያን ሁሉ ሥልጠና ስወስድ እሱን ማንም አላስተማረኝም!