ሆዴ ሽማግሌ የሆነ ዕለት

ሆድ የሚሉት ፍጥረት ጊዜ አይመርጥም። አገሩ ሁሉ ለውጡን፣ ከለውጡም ወዲያ ጦርነቱን ሲያወራ እኔ ከአንጀቴ ጋር ነበርኩ። ስንሸሽ ያገኘነውን ውሃ ጠጣን። ወደ ከተማችን ወደ ሐይቅ ስንመለስ ሌላው ቤቱ መኖሩን ሲያይ እኔ ሽንት ቤቴን አየሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ነበረ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ መድኃኒት ሰጠችኝና፣ አንጀትዎ እስኪረጋ በርበሬ፣ ቅባት፣ ወተት፣ ቡና ይተዉ አለችኝ። ሩዝ በጨው፣ ቅቅል ድንች፣ ስስ አጥሚት፣ ትንሽ ትንሽ እየደጋገሙ። ውሃውንም አፍልተው።

«ታዲያ ምን ቀረልኝ?» አልኳት።

«ዕድሜዎ ነዋ!»

መልስ ታውቃለች።

በዚያው ሰሞን የወንድሜ ልጅ ሰዒድ መጣ። ውጫሌ ያለች ዘሃራ የምትባል ልጅ ወዷል። እሷም ወዳዋለች። አባቷ አሊ ግን አገር ሳይረጋ ልጅ አልድርም እያለ ሽማግሌ ይመልሳል። ይባስ ብሎ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ሊልካት ነው። ከሄደች ማን ይመልሳታል?

«አብዬ፣ አንቱ ካልሄዱልኝ አለቀልኝ» አለኝ።

የቤታችን ታላቅ እኔ ነኝ። ንግግር ግን አልችልም። ለንግግሩ ጎረቤቴን ሙሄን አስከትዬ ሄድኩ።

በእኛ አገር ልጅ የጠየቀ ሽማግሌ «እሺ» ሳይባል እህል አይቀምስም። ይሄ እንግዲህ ለወጉ ነው። አንዴ ሁለቴ ሲለመን እጁን ይታጠባል፣ ነገሩም በቀጠሮ ያድራል። አሊ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ሙሄ ተናግሮ ሳይጨርስ ቀይ የበግ ወጥ አስቀረበ። በርበሬው ከሩቅ ያስነጥሳል። ሙሄ ወዲያው እጁን ለውሃ ዘረጋ። እኔ አልበላም አልኩ።

«ኧረ በሞቴ!»

«አልበላም።»

«በአላህ ይዤዎታለሁ!»

«ወላሂ አልችልም።»

ተቅማጥ ይዞኛል ተብሎ በሰው ማዕድ ፊት ይወራል እንዴ?

የአሊ ፊት ተለወጠ። እስካሁን የመጡት ሁሉ በልተው ነው የሄዱት። ይሄኔ ሆዴን ቆረጠኝ። ላብ አጠመቀኝ። ከዘራዬን ይዤ ብድግ አልኩ።

አሊ በሩ ላይ ቆመ። «ሽማግሌ ተቆጥቶ ከቤቴ ከወጣ ምን በረከት አለኝ? ይቀመጡ፣ ልጄን ሰጥቻለሁ!»

«በሩን ልቀቅልኝ» አልኩት።

«አዲስ አበባም አልልካትም!»

«ልቀቅልኝ አልኩህ እኮ!»

«እሺ፣ ኒካሑም ከረመዳን በፊት ይሁን! ሌላ ምን ልጨምር?»

ለቀቀኝ። ከጓሮ ስመለስ ደረቅ እንጀራ ቆርሼ ቀመስኩ። አሊ «አቤት ትሕትና!» አለ።

ሆድና ግንባር አይሸሸግም ይላሉ። ይሸሸጋል።

ሰዒድና ዘሃራ ተጋቡ። ዛሬ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ነገር የከበደበት ሁሉ፣ ያ ቁጡ ሽማግሌ ይምጣልን እያለ ይልክብኛል። አንጀቴ ደግሞ ድኗል። ባዶ እጄን ሄጄ ምን ልሠራ?