ከመጋረጃው ጀርባ የጮኸው

ጀግንነት በየአገሩ የሚለካበት ቦታ አለው። አንዱ አገር በጦር ሜዳ ይለካዋል፣ ሌላው በገና ጨዋታ፤ እኛ ከቡሬ በላይ ያለን ደገኞች ደግሞ በጥርስ ነቀላ እንለካዋለን። አትሳቁ! ጦር ሜዳ ለሁሉም አይደርስም፤ የመንጋጋ ሕመም ግን ማንንም አይዘልም። ሀብታሙንም፣ ቄሱንም፣ የቀበሌውን ሊቀ መንበርም በየተራው ጉንጩን አስይዞ ጓሮ ለጓሮ ያንጎራድደዋል።

ድሮ ጥርስ የሚነቅሉልን አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና። ቅዳሜ ቅዳሜ ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሥር ድንጋይ ላይ ያስቀምጡህና ጉጠታቸውን በአረቄ ያብሳሉ፤ የተረፈውን አረቄ ራሳቸው ይጠጡታል። መድኃኒቱ ለበሽተኛው ሳይሆን ለሐኪሙ ነበር ማለት ነው። ገበያተኛው ዙሪያውን ከብቦ ይቆማል። የቆመው ሊያዝንልህ እንዳይመስልህ። ትጮህ እንደሆነ ሊሰማ ነው።

አያ ፈንቴ አልጮኹም። ጥርሳቸው ከወገቡ ተሰብሮ ሥሩ ተቆፍሮ ሲወጣ እንኳን ዓይናቸውን አላርገበገቡም፤ ሲያልቅ ደሙን ተፉና "ጨረሱ? እግረ መንገድዎን ሌላውንም አያዩልኝም?" አሉ ይባላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁት፣ ሴት ልጅ ስትጠየቅ የሚላኩት እሳቸው ናቸው። አያ ቢሻው ግን ጮኹ። እንዴት ያለ ጩኸት መሰላችሁ? ማዶ ያሉ ሰዎች በረት ውስጥ ነብር ገባ ብለው ዱላ ይዘው መጡ። ያን ዕለት "ጥሩንባው" ተባሉ፤ ስሙም በዚያው ጸና። ልጅ ቢድሩ፣ የተቸገረ ቢረዱ፣ ለቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ቢገዙ ስሙ ንቅንቅ አላለም። ስብሰባ ላይ "እኔ የምለው" ብለው ሲነሱ ከኋላ አንዱ ሳቁን ያፍናል፤ የታፈነ ሳቅ ደግሞ ከተለቀቀው ይብሳል። ሰውዬው በአደባባይ አንድ ዓረፍተ ነገር ከጨረሱ ዓመታት አልፈዋል።

ነገሩ እንዲህ እንዳለ ነው ዘንድሮ ከፍኖተ ሰላም የጥርስ ሐኪሞች በነጻ ሊያክሙን ወደ ተራራችን የወጡት። መኪናው መንገዱ እስካለቀበት አመጣቸው፤ ከዚያ ዕቃቸው በበቅሎ፣ እነሱ በእግራቸው። እኔ ቡሬ የማስተምር የዚያው አገር ልጅ ነኝና መንገድ መሪ ሆኜ አብሬ ወጣሁ፤ እውነቱን ለመናገር የራሴም ጥርስ ያሠቃየኝ ነበር። ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ለቀቀላቸው፤ መሐሉ ላይ መጋረጃ ተጋረደ። በነጻ መገልገል እኛ ዘንድ ያሳፍራል፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ዶሮውንም ማሩንም ይዞ መጣ። ዶክተሯ፣ ገና ወጣት ናት፣ "አንቀበልም" ብትል ማን ሰምቷት! ከቀትር በኋላ ክፍሉ ውስጥ ከበሽተኛው ይልቅ ዶሮው ይጮህ ነበር።

በሽተኛውማ ለምን ይጮሃል? ማደንዘዣ የሚሉት መርፌ አለ። ሲወጋ ድዱን ቆንጠጥ ያደርጋል እንጂ፣ ጥቂት ተቆይቶ ጥርሱ ሲነቀል ባለቤቱ ወሬውን ከሌላ ሰው ነው የሚሰማው። አያ ቢሻው ይህን ሲሰሙ ስማቸውን የሚያስመልሱበት ቀን መምጣቱ ገባቸው። አዲሱን ጋቢያቸውን ለብሰው መጡና ከመቀመጣቸው በፊት ዶክተሯን አንድ ነገር ለመኗት።

"ልጄ፣ እባክሽ ያን መጋረጃ ግለጭልኝ።"

"ለምን አባቴ?"

"ሰው ይየኝ።"

በሽተኛ በአደባባይ እንደማይታከም ነገረቻቸው። ውጭ ያለው ሰውም ማየቱ ቢቀርበት ጆሮውን ከግድግዳው አስጠጋ።

ከጎናቸው ባለው ወንበር አያ ፈንቴ ተቀምጠዋል። ጉንጫቸው አብጦ አፋቸው አልከፈት ብሏቸዋል፤ በማግስቱ ደግሞ ደም የተቃቡ ሁለት ቤተሰቦችን ለማስታረቅ ቀጠሮ አለባቸው። የሁለቱም ወገን ጎረምሶች በጠመንጃ ይፈላለጉ ነበር፤ ሁለቱም ወገን የአያ ፈንቴን ካልሆነ የማንንም ቃል አንሰማም ብለዋል። እኔ ከእነሱ ቀጥሎ ነኝ፤ ቀድሜ ተወግቼ ከንፈሬ የሌላ ሰው ሆኖብኛል።

ከሁለቱ መርፌው በመጀመሪያ ወደ አያ ቢሻው ሄደ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ጋቢያቸውን በሁለት እጃቸው ጨመቁት፤ ድምፅ ግን የለም። ዝም! መርፌው ሲወጣ ወደ እኔ ዞረው በዓይናቸው "አየህ?" አሉኝ። የቀረው መነቀሉ ነው፤ እሱ ደግሞ አያምም። ሰውዬው ከዚያ ስም ነጻ ሊወጡ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር።

ከዚያ ተራው የአያ ፈንቴ ሆነ። አያ ፈንቴ ጉጠት ያውቃሉ፤ መርፌ አያውቁም። ገና ያበጠው ድዳቸው ላይ ሲያርፍ፦

"ኧረ በእመቤቴ! ኧረ የአገር ያለህ!"

ዶሮዎቹ እንኳን ዝም አሉ። አያ ፈንቴ የጮኸው ማን እንደሆነ ለማየት ዙሪያቸውን ተመለከቱ፤ ቆይቶ ገባቸውና ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ካበጠ አፍ የወጣን ድምፅ ማን ይለየዋል? ከውጭ አንዱ "ማን ነው የጮኸው?" ብሎ ጠየቀ። አያ ቢሻው መጋረጃውን አዩ፤ አያ ፈንቴን አዩ። ከዚያ መደንዘዝ በጀመረ ከንፈራቸው፦

"እኔ ነኝ! ጥሩንባው ነኝ!"

ያን ስም ከራሳቸው አፍ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ውጭ ያለው ሰው አውካካ። "ድሮስ ማን ሊሆን!"

የሁላችንም ጥርስ ተነቅሎ ስንወጣ ሕዝቡ ወደ አያ ፈንቴ ሮጠ። "እንደ ልማድዎ ድምፅዎ እንኳን አልተሰማ!" አሏቸው። አፋቸው በጥጥ ተሞልቷልና ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ፤ ሰው ትሕትና መሰለው። እኔንም ጠየቁኝ፤ ምን ልመልስ፣ አፌ ደንዝዟል። በዕድሜዬ ምስጢር የጠበቅሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም በመርፌ ኃይል።

ከንፈሬ ሲመለስልኝ አያ ቢሻውን ቁልቁለቱ ላይ ደረስሁባቸው። ስለ እሳቸው ተናድጄ ነበር።

"ምነው አያ ቢሻው? ሊያልፍልዎ ነበር እኮ!"

"ነገ ደም ሊያደርቁ ነው፣ መምህር። ዛሬ የተሳቀባቸውን ነገ ማን ይሰማቸዋል?" ጥጡን ተፉና ጥቂት ሄዱ። "ደግሞ እሳቸው ለጩኸቱ አዲስ ናቸው። እኔ ለምጀዋለሁ።"

"ለምጀዋለሁ" ሲሉ ግን ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ።

በማግስቱ እርቁ ላይ ነበርሁ። ሁለቱ ወገን ፊት ለፊት ተኮሳትሮ ተቀምጧል። አያ ፈንቴ ብድግ አሉና ከሰው ኋላ የተቀመጡትን አያ ቢሻውን በስማቸው ጠሯቸው፤ እጃቸውን ይዘው አምጥተውም በቀኛቸው፣ ከሽማግሌዎቹ መካከል አስቀመጧቸው። "እኝህ ሰው ከሌሉበት እርቁን አልጀምርም" አሉ። ጉርምርምታ ሆነ። አያ ቢሻው "እኔ የምለው" ብለው ተነሡ። የሳቀ የለም። ዓረፍተ ነገሩን ጨረሱ፤ ሌላም ደገሙ። ቀኑ ሳይመሽ ሁለቱ ወገን ተሳሳሙ።

ታዲያ ሰው ሲበተን ምን ሲል ሰማሁ መሰላችሁ? "አያ ፈንቴ እኮ ጀግና ብቻ አይደሉም፣ ደግም ናቸው፤ ጥሩንባውን እንኳን ሰው አደረጉት!"

አያ ቢሻው ከኋላዬ ነበሩ፤ ሰምተዋል። የተነቀለው ጥርሳቸው ክፍተት እስኪታይ ፈገግ አሉና፣ "እውነት ነው፣ ደግ ሰው ናቸው" ብለው መሰከሩ።