የአቶ ኦርቪል ካርድ የተነጠቀበትን ጉዳይ ለማየት የተጠራ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ በመጋቢት ወር፣ ተማሪዎች የፀደይ ዕረፍት በወጡ በሁለተኛው ሳምንት

ቦታ፦ ፍሎሪዳ፣ «ብርቱካን ጥላ» የጡረተኞች ሠፈር፣ የጋራ አዳራሽ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ

ሰዓት፦ ለጠዋቱ አራት ሰዓት ተጠርቶ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። የዘገየው ለስብሰባው የተጋገረው ጣፋጭ፣ የሎሚ ፓዩ፣ በደንብ ስላልቀዘቀዘ ነው።

የተገኙ አባላት፦
ወ/ሮ በርናዲን ኦክስ፣ የዓመት ካርድ ባለቤቶች ክበብ ሰብሳቢ
አቶ ኦርቪል ስትራውድ፣ ካርዳቸው የተነጠቀ
አቶ ሃርላን ቲቤትስ፣ ያስነጠቁ
ወ/ሮ ማክሲን ቲቤትስ፣ የአቶ ሃርላን ሚስት፤ ይህ እንዳይጠቀስ ጠይቀው ነበር
ወ/ሮ ሄስተር ፔል፣ በአካል
ክሊፍተን ራድ፣ ጸሐፊ፤ የሚጽፍ ብዕር ይዞ የመጣ እሱ ብቻ ስለሆነ የተሾመ

ምልዓተ ጉባኤ፦ በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት ስድስቱም አባላት ካልተገኙ ውሳኔ አይጸናም። አቶ ሃርላን፣ ወ/ሮ ሄስተር ተኝተው እያንኮራፉ ስለሆነ ስብሰባው እንዲበተንና ሁሉም ወደየቤቱ እንዲሄድ ሐሳብ አቅርበዋል። ሰብሳቢዋ ደንቡን ገልጠው ካዩ በኋላ «ተገኝ ይላል እንጂ ንቃ አይልም» ብለዋል። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ አንድ፦ የአቶ ሃርላን ማስረጃ

አቶ ሃርላን ቆመው እንዲናገሩ ታዘዋል። ጉልበታቸውን አመካኝተው ተቀምጠው ተናግረዋል። የእሳቸው ካርድ ቢጫው፣ ማለትም ቅዳሜና በትምህርት ቤት ዕረፍት የማያስገባው ርካሹ መሆኑን፣ ሌሎቻችን ግን ሁልጊዜ የሚያስገባውን ሰማያዊውን እንደያዝን አስታውሰዋል። ይህን ማስታወስ አላስፈለጋቸውም ነበር፤ ቢጫውን ሲገዙ «ሞኞች!» ብለው የሳቁብንን ማንም አልረሳም። ያም ሆነ ይህ ባለፈው ሐሙስ፣ በዚሁ አዳራሽ ግድግዳ ላይ «ኦርቪል» ከሚለው ስም ሥር ካለው ምስማር አንዱን ሰማያዊ ካርድ አንሥተው፣ አንገታቸው ላይ አጥልቀው፣ ወርቃማው ፔሊካን ወደሚባለው መዝናኛ ፓርክ መሄዳቸውን አምነዋል።

የቀረው በራሳቸው አንደበት እንዲያዝ ስለተባለ እንዲህ ተይዟል፦ «በሩ ላይ ማሽኑ ዘፈነ። አንዲት ልጅ እየሮጠች መጥታ ‹መልካም ልደት!› ብላ ደረቴ ላይ ይህን የሚያህል ነገር ለጠፈችልኝ! ልደቴ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የኦርቪልም ቢሆን በጥቅምት ነው። ግን ልጅቷ ደስ ብሏታል፤ ምን ብዬ ላስከፋት? ከዚያማ ፋንዲሻ ሻጩ መልካም ልደት፣ መጸዳጃ ቤት የሚያጸዳው መልካም ልደት! በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የሰው ዐይን ገብቼ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ የወፍ ልብስ የለበሰው ራሱ ፔሊካኑ ኬክ ይዞ መጣ።»

ወ/ሮ ማክሲን ኬኩ የት እንደደረሰ ጠይቀዋል። አቶ ሃርላን እንደበሉት መልሰዋል። ሰብሳቢዋ የኬኩ ጉዳይ ከአጀንዳ ውጭ ነው ቢሉም፣ ወ/ሮ ማክሲን «ለእኔ አጀንዳው እሱ ብቻ ነው» በማለት ተቃውሟቸውን አስመዝግበዋል።

አቶ ሃርላን የተያዙት ኬኩን ተቀብያለሁ ብለው ሲፈርሙ፣ በልማድ የገዛ ስማቸውን ስለጻፉ ነው። «ጥበቃው ካርዱን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ካርዱን አየ። ‹ጢሙ አዲስ ነው?› አለኝ። ‹ኧረ ከውትድርና ከወጣሁ ጀምሮ አለ!› አልኩት። ከዚያ ካርዱን ነጠቀኝና ‹የዚህ ካርድ ባለቤት ለአንድ ዓመት እዚህ ደጅ እንዳይደርሱ› አለ። እኔን ግን በሚቀጥለው በቢጫዬ ብመጣ ደስ እንደሚለው ነግሮኛል።»

በጢሙ ላይ ጥያቄ ያቀረበ አባል አልነበረም።

አጀንዳ ሁለት፦ ጥፋተኛውን ስለመለየት

አቶ ኦርቪል እንዲናገሩ ዕድል ተሰጥቷቸዋል። ፓርኩ ውስጥ ድንጉላው የሚባለውን፣ ሰው ጭኖ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚወረወረውን የእንጨት ሮለር ኮስተር፣ ሰንሰለቱን ቅባት ሲቀቡ ዕድሜያቸውን እንደጨረሱ ሁላችንም እናውቃለን። የመጨረሻ ጉዞውን በዚህ ቅዳሜ አድርጎ ሰኞ መፍረስ እንደሚጀምርም ሰምተናል። ያላወቅነውን ግን ዛሬ ነገሩን።

«አንድም ቀን ወጥቼበት አላውቅም» አሉ። «እፈራለሁ። ስንቱን የሚያለቅስ ሕፃን ‹አይዞህ፣ ምንም አይደለም፣ እኔ ስንቴ ወጥቼበታለሁ› እያልኩ ቀበቶ አስሬ ሰድጃለሁ። ሳልወጣበት ከፈረሰ ውሸታም ሆኜ መቅረቴ ነው። ለቅዳሜ ቆርጬ ነበር። ይኸው ሃርላን ጉድ አደረገኝ!»

ወ/ሮ ሄስተር ማንኮራፋታቸውን አቁመው ነበር፤ ኋላ ቀጥለዋል።

ሰብሳቢዋ በአቶ ኦርቪል ላይ የደረሰው እንደሚያሳዝን ገልጸው፣ ሐዘን ሌላ ሕግ ሌላ መሆኑን ለጉባኤው አስረድተዋል። «ሃርላን ስግብግብ ነው፤ የሰው ወርቅ አያደምቅም ቢባል አይሰማም። ግን ካርዱን ያንጠለጠለው ማነው? በሩን ከፍቶ ተኝቶ ሌባ ገባብኝ ይባላል እንዴ? ከወሰደው ይልቅ ያላስጠበቀው ነው ጥፋተኛው!» ብለዋል። አቶ ሃርላን ይህን ንግግር በሙሉ ልብ ደግፈዋል።

አቶ ኦርቪል «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ! ኬኩን የበላው እሱ፣ የምቀጣው እኔ?» ብለዋል። ሰብሳቢዋ ድምፃቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ የጠየቁት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው።

ውሳኔ ፩፦ ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ካርዱ የተነጠቀበት አባል በዋና ጥፋተኝነት እንዲጠየቅ፤ እገዳው እስኪያበቃ ክበቡ በሚጓጓዝበት የጎልፍ ጋሪ የፊት ወንበር እንዳይቀመጥ፤ የሎሚ ፓይ እንዳይቀምስ፤ ፓርኩ በር ላይ ለቆመው የፔሊካን ሐውልት አጎንብሶ ይቅርታ እንዲጠይቅ በአብላጫ ድምፅ ተወስኗል። ወ/ሮ ሄስተር የደገፉት ራሳቸው በእንቅልፍ ወደፊት ዘንበል ስላለ ነው።

በመቀጠል ወ/ሮ ማክሲን፣ ፓርኩ ያገደው ስምን እንጂ ሰውን ስላልሆነ አቶ ሃርላን ለአንድ ዓመት ኦርቪል፣ አቶ ኦርቪልም ሃርላን ተብለው ቢጠሩ እገዳው ኬኩን በበላው ሰው ላይ ያርፋል የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ጸሐፊው ይህን ሐሳብ የመዘገበው ታዝዞ ነው። አቶ ሃርላን፣ ስሙ ከሄደ ቤቱስ፣ የአሳ ማጥመጃ ጀልባውስ፣ ሚስቱስ ከማን ጋር ይሆናሉ ሲሉ ጠይቀዋል። ወ/ሮ ማክሲን «ኦርቪል ኬክ ሲያገኝ ይዞ ይመጣል» ብለዋል። አቶ ኦርቪል ቀልተው ወደ መስኮቱ ዞረዋል።

ውሳኔ ፪፦ የስም ልውውጡ ከነገ ጀምሮ እንዲጸና፣ ሚስትን በሚመለከት ግን ባለበት እንዲቆይ ተወስኗል።

ውሳኔው ከጸደቀ በኋላ አቶ ኦርቪል (ከነገ ጀምሮ ሃርላን) ቢጫው ካርድ ቅዳሜ እንደማያስገባ አስታውሰዋል። ይህንን ማንም አላሰበበትም ነበር። ስብሰባው ለፓይ ዕረፍት ወጥቷል፤ አቶ ኦርቪል በውሳኔ ፩ መሠረት ቆመው አይተዋል። እኔ ጸሐፊው ከድርሻዬ ግማሹን ብቻ እንደበላሁ እንዲመዘገብ እፈልጋለሁ።

አጀንዳ ሦስት፦ በካርዶች ላይ ስለሚደረግ ቁጥጥር

ከዕረፍት መልስ ሰብሳቢዋ አንድ ነገር እንደጠረጠሩ ገልጸዋል። አንዳንዶቻችን አዝነን ለቅዳሜ ካርዳችንን በድብቅ ለአቶ ኦርቪል ልናበድር እንችላለን። (ልክ ናቸው፤ እኔ ራሴ ፓዩን እየበላሁ አስቤው ነበር።) ስለዚህ ሁሉም ካርዱን ጠረጴዛ ላይ እንዲያስቀምጥ፣ ካርዶቹም እስከ እሑድ በእሳቸው መሳቢያ እንዲቆለፉ አዝዘዋል። ምሳሌ ለመሆንም የራሳቸውን ካርድ ከአንገታቸው አውልቀው በቅድሚያ አስቀምጠዋል።

የማንበቢያ መነጽር ያመጡት ወ/ሮ ማክሲን ብቻ ስለነበሩ ስሞቹን እንዲያነቡ ተመርጠዋል። ፎቶዎቹ ለምን ነጭ እንደሆኑ ጠይቀው፣ ፀሐይ ይሆናል ተብለዋል። ከዚያም የሰብሳቢዋን ካርድ አንሥተው፣ አራቁት፣ አቀረቡት፣ መነጽራቸውን ጠረጉ።

«ኦርቪል ስትራውድ ይላል» አሉ።

ሰብሳቢዋ በትክክል እንዲያነቡ አሳስበዋቸዋል። ወ/ሮ ማክሲን በትክክል እያነበቡ መሆኑን፣ መጠርጠርም እንደማይወዱ ገልጸው ቀጥለዋል። በወ/ሮ ማክሲን ካርድ ላይ የወ/ሮ ሄስተር ስም፣ በወ/ሮ ሄስተር ካርድ ላይ የጸሐፊው ስም፣ በጸሐፊው ካርድ ላይ የወ/ሮ ማክሲን ስም ተገኝቷል። የገዛ ካርዱን ይዞ የተገኘ ብቸኛ አባል አቶ ሃርላን ናቸው፤ ያም የእሳቸው ካርድ ብቻ ቢጫ በመሆኑ። አቶ ሃርላን ክበቡ ለታማኝነታቸው ምስጋና እንዲያቀርብላቸው ጠይቀዋል። ምስጋና አልቀረበም።

በዚህ መካከል ወ/ሮ ሄስተር ነቅተው «ለካስ ዛሬ ነው የደረሳችሁበት?» ብለዋል።

ወ/ሮ ሄስተር ሲያስረዱ፣ በመከር ወራት አውሎ ነፋሱ ሲመጣ፣ ውሃ የማያስገባ ሌላ ዕቃ ስለሌለን ካርዶቹን ሁሉ እዚህ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ቆልፈን እንደሸሸን አስታውሰዋል። ትእዛዙም የሰብሳቢዋ ነበር። «ስመለስ የቆሸሹ ሳህኖችም አብረው ነበሩበት። ምን ላድርግ፣ አጠብኳቸው! ሲወጡ የሁላችሁም ፊት ሳሙና በልቶታል። መነጽር አልያዝኩም። እንዲያው በግምት እየሰቀልኩ ሄድኩ። ማንም አልጮኸም፤ ደህና ገምቻለሁ ብዬ ተውኩት። ይልቅ በርናዲን፣ ባለፈው ሐሙስ ልደትሽ አልነበረም እንዴ?»

ጉድና ጅራት ወደ ኋላ ነው። ከጠረጴዛው ላይ የጠፋው ስም የሰብሳቢዋ ብቻ ነበር። የተነጠቀው ካርድ፣ የተዘፈነለት ልደት፣ የተበላው ኬክ የሰብሳቢዋ ነው። አቶ ሃርላን ጢማቸውን እየዳሰሱ «ለካ ሰውየው የጠየቀኝ ወዶ አይደለም!» ብለዋል። የታገዱት ወ/ሮ በርናዲን ናቸው። አቶ ኦርቪል ቅዳሜ በነጻነት መግባት ይችላሉ።

ወ/ሮ በርናዲን ውሳኔ ፩ እንደገና እንዲነበብላቸው ጠይቀዋል። ጸሐፊው አንብቧል። «አጎንብሶ» የሚለው ላይ ሲደርስ ይበቃል ብለዋል።

ጉባኤው አቶ ኦርቪልን እንኳን ደስ ያለህ ለማለት ሲዞር፣ አቶ ኦርቪል ፊታቸው እንደ ካርዶቹ ፎቶ ነጥቶ ተገኝቷል። እገዳው በእሳቸው ስም ሊቆይ የሚችልበት መንገድ ካለ ጠይቀዋል። ምክንያቱን ሲጠየቁ እንዲህ ብለዋል፦ «ታግደሃል ስባል እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቤቴ ገብቼ ጨፈርኩ። አምላኬ ገላገለኝ አልኩ። አሁን ግን ምን ብዬ እቀራለሁ?»

ወ/ሮ ሄስተር «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ብለው፣ ለመተኛት ግን አልሞከሩም።

ወ/ሮ በርናዲን ወንበራቸውን ስበው አቶ ኦርቪል አጠገብ ተቀምጠዋል። ማፈራቸውን በግልጽ ተናግረዋል፤ ይህ በክበባችን ታሪክ የመጀመሪያ ስለሆነ በሰፊው ይመዝገብ ተብሏል። ማንን ይዘው ቢወጡ ፍርሃቱ እንደሚቀልላቸው ሲጠይቋቸውም፣ አቶ ኦርቪል ብዙ አላሰቡም። «አንቺን» አሉ። «አንቺ አጠገቤ ሆነሽ ስትቆጪ የእኔ ጩኸት ለማንም አይሰማም።»

«እኔማ ታግጃለሁ» አሉ ሰብሳቢዋ።

ከዚያ ወ/ሮ ሄስተር ካርዳቸውን በጣታቸው እየገፉ፣ በጠረጴዛው ላይ እስከ ሰብሳቢዋ ድረስ አሻገሩት። ያ ካርድ የእኔ መሆኑን፣ የእኔም ፈቃድ መጠየቅ እንዳለበት አሳስቤአለሁ። ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይጠየቅም ተብሏል።

አጀንዳ አራት፦ ልዩ ልዩ

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ውሳኔ ፩ እና ፪ በሙሉ ድምፅ ተሽረዋል። ካርዶች አይቆለፉም። ሁሉም ሰው ስሙን ይመልሳል። ኦርቪል ፓይ ይሰጠው፤ በጋሪውም የፊት ወንበር ይቀመጥ። ስብሰባው የተጠራበት ጥፋት፣ ማለትም በሰው ካርድ መግባት፣ ለቅዳሜ ጥፋት መሆኑ ቀርቶ የክበቡ ግዴታ እንዲሆን ተወስኗል። ይህ ቃለ ጉባኤ ከማንም እጅ እንዳይገባ በዕቃ ማጠቢያው ማሽን ውስጥ ይቀመጥ። ወ/ሮ ሄስተር በሙቅ ውሃ ነው ወይስ በቀዝቃዛ ብለው ጠይቀዋል።

ስድስት ሰዓት ላይ ፓዩ አልቆ ተነሥተናል።

ክሊፍተን ራድ፣ ጸሐፊ። ቅዳሜ ግን ክሊፍተን ራድ ወ/ሮ በርናዲን ናት። ከተያዘች ለአንድ ዓመት የምታገደው እኔ ነኝ። ኦርቪል ብቻ ይውጣበት።