ዜና ኛሙት ዘኒውላንድ፤ ፍየሊቱን ከቁፋሮው ጉድጓድ እንዳወጣች

ፊደልን እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ያየሁ እኔ ሺታዬ፣ በዓይኔ ያየሁትን እጽፋለሁ እንጂ የሰው ወሬ አልጨምርም። ቤንዚን ከጋምቤላ በጠፋበት፣ ባጃጆች ሁሉ እንደ ታመመ ከብት በየጥላው በተኙበት ዘመን፣ ኛሙት ዩኒቨርሲቲ በገባች በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ መጋቢት፣ የጥንት ሰው ዕቃ ፍለጋን በእጃቸው ይለማመዱ ዘንድ ተማሪዎች ወደ ሰፈራ መንደራችን ዘመቱ፤ ከማሳዬም አጠገብ ድንኳን ተክለው ሰፈሩ።

የሠራዊቱ አለቃ መምህር ባንተአምላክ ነበሩ። ከእሳቸውም በታች ቤርሳቤ ባለ ሜትር፣ የሱፍ ባለ ወንፊት፣ ጋትደት ባለ ካሜራ፤ ባልዲው፣ ብሩሹ፣ ምስማሩና ሲባጎው ሳይቆጠር። ከሁሉም በላይ ኛሙት፣ ቁመተ ሎጋ፣ በጋምቤላ ከተማ የኒውላንድ ሰፈር ባጃጅ ነጂ ልጅ፣ ሰው ሁሉ ኑዌር ናትና ከብት ታውቃለች የሚላት፣ እሷ ግን ፍየልን በጥብስ እንጂ በሕይወት ሳለች ነክታ የማታውቅ።

እሷም በሲባጎ ከልላ አራት ማዕዘን ጉድጓድ እስከ ደረት ቆፈረች፤ ግድግዳውንም በብሩሽ እየጠረገች እንደ ቤተ መንግሥት ግንብ ቀጥ አደረገችው። መምህሩም ወደ ከተማ ቢሮ ሊሄዱ ሲነሡ አዋጅ ተናገሩ፦ «ከጉድጓድ የተገኘ ማናቸውም ነገር ፎቶ ሳይነሣ፣ ሳይለካ፣ በወረቀት ሳይሣል ከቦታው ንቅንቅ አይበል። ግድግዳ ያፈረሰም ለከርሞ ተመልሶ ይማር።»

ወእምዝ፣ ፀሐይ አናት ላይ በቆመች ጊዜ፣ ለመውለድ የደረሰች ፍየሌ ቦራ ሲባጎ ልትበላ መጥታ ከኛሙት ጉድጓድ ወደቀች፤ እግሯም አልተሰበረ፣ ግድግዳውም አልተነካ።

እኔም ሮጬ ፍየሌን አውጡልኝ ብል፣ ተማሪዎቹ ተማክረው ከጉድጓድ ተገኝታለችና ሕጉ ይይዛታል ብለው ፈረዱ። ምን ልበላችሁ። ጋትደት ቀይና ነጭ የተቀባውን መለኪያ ዱላ ከጎኗ አቁሞ ፎቶ አነሣት፤ ቤርሳቤ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ለካቻት፤ ቦራም ዞረች፣ ጭራዋ በአፍንጫዋ ስፍራ ሆነና እንደገና ለካቻት። ሰሜንን የሚያሳይ የወረቀት ቀስት ቢያኖሩላት በላችው፤ ሰሜንም ከሰፈሩ ጠፋ። ኛሙት ልትሥላት ብትቀመጥ፣ ጀርባዋን ስትጀምር ቀንዷ ይመጣል፣ ቀንዷን ስትጀምር መቀመጫዋ። እኔም አዋጅ መለስኩ፦ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ። ፍየሌ እዚያ ብትሞት ይህን ጉድጓድ በእጄ እደፍነዋለሁ፤ ግድግዳም የለ፣ ማርክም የለ።»

ያን ጊዜ ቦራ ተኛች፣ ማማጥም ጀመረች፤ ጥቃቅን ሰኮናዎች ታዩ። ገብተው ቢረዷት ግድግዳው ይናዳል፣ ዝም ቢሉ ነፍስ ይጠፋል። ኛሙትም እርሳሷን ከጆሮዋ ሰክታ፣ በአፋፉ ሳንቃ አንጥፋ፣ የሱፍና ጋትደት ቁርጭምጭሚቷን ይዘውላት፣ እንደ ውኃ መቅጃ ባልዲ ቁልቁል ወረደች፤ ቁመቷ ለዚያች ቀን የተሰጣት ይመስል ደረሰች፤ ዓይኗንም ጨፍና ግልገሉን ሳበችው። አጯጯኋንስ ለሰማ፣ ከቦራ ይልቅ እሷ ያማጠች ይመስላል።

ግልገሉን ታቅፋ በወጣች ጊዜ ቤርሳቤ ሜትሯን እንደ ዘረጋች፣ ይህም ሳይለካ ወጣ ብላ ከሰሰቻት። ኛሙትም በደም እንደ ተነከረች ቆማ አወጀች፦ «ይህ ከጉድጓድ አልተገኘም። በእጄ ላይ ተገኘ።» ቤርሳቤም ሜትሯን ጠቀለለች።

ግልገሉንም ከአፋፉ አኖረችው፤ ቦራ ወደ ልጇ ሽቅብ እያየች እንደ ሐውልት ቀጥ ብላ ቆመችላት፣ ከቀንድ እስከ ጭራም ተሣለች። ከዚያም በጆንያ ደግፈው አወጧት፤ ከግድግዳው አንዲት ጓል አልረገፈችም።

መምህሩ ባጃጅ አጥተው በእግራቸው ሲመሽ ደረሱ፤ ግድግዳውን ዳሰሱ፣ ሥዕሉን አዩ፣ ግልገሉን አዩ፣ እንደገና ሥዕሉን አዩ። ከዚያም አዋጃቸውን አሻሻሉ፦ «እስትንፋስ ያለው አስቀድሞ ይውጣ፤ ከወጣ በኋላ ይሣል።» ኛሙትንም አሳለፏት።

እንግዲህ ክብር ለኛሙት ይሁን፣ ግድግዳ ላጸናች፣ ፍየል ላዋለደች፣ በእግሯ ተንጠልጥላ ሕግን ለረታች፤ ግልገሉንም በአገሯ ስም ኒውላንድ ብዬዋለሁ። ግድግዳው በሳምንቱ ዝናብ ተናደ፤ እሱ የሰማይ ሥራ ነው፣ በኛሙት የሚያሳብብ ካለ ግን ቤቴ ቅርብ ነው፣ መጥቶ እኔን ይጠይቀኝ።